ሳናዳምጥ ያቃጠልነው ደብተር

ቢስሚላሂር-ረሕማኒር-ረሒም



ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንድ ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተር ነው። ደብተሩ የእኛ አልነበረም፤ ያቃጠልነው ግን እኛ ነን። ነገሩን ብዙ ጊዜ በሆዳችን ይዘነው ቆየን፤ አስተማሪ ሆኖ የገዛ ጥፋቱን በአደባባይ መናገር የሚቀለው ሰው የለምና። ሆኖም ዛሬ በየቤቱ ሞባይል ላይ ያቀረቀረ ልጅ አለ፤ በየቤቱም ልጁ ምን እንደሚመለከት ሳይጠይቅ የሚቆጣ ወላጅ አለ። የእኛ ስሕተት ለሌላው መማሪያ ቢሆን ብለን ብዕራችንን አነሣን።

ጊዜው ኅዳር 2016 ዓ.ም፣ ቦታው ደባርቅ ነው። ከእኛ ጋር የሚኖር የእህታችን ልጅ አለ። እህታችን ሪያድ ውስጥ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ከመሄዷ በፊት ልጇን ከዳባት ይዛ መጥታ ስታስረክበን፣ «ከአላህ በታች ለእናንተ አማና ሰጥቻለሁ» ነበር ያለችው። ልጁ በዚያን ጊዜ 15 ዓመቱ ነው። በትምህርቱ ደህና፣ በቁርኣኑም የበረታ፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። እናቱ ሞባይል ልካለት ነበር። ይህ ሞባይል የቤታችን የጭቅጭቅ ምንጭ ሆነ። የመግሪብ አዛን ይባላል፤ ልጁ «መጣሁ» ይላል፤ አይመጣም። ማዕዱ ይቀርባል፤ ዓይኑ ከስልኩ አይነሣም። እኛ እንቆጣለን፤ እርሱ ዝም ይላል።

ዘመኑም ክፉ ነበር። በነሐሴ 2013 ዓ.ም ጦርነቱ እስከ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደርሶ እንደነበረ የአገራችን ሰው አይረሳውም። ያ አለፈ ሲባል በ2015 ዓ.ም ክረምት በክልላችን እንደገና ግጭት ተነሣ፤ በሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋረጠ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው የሚኖረው በወሬ ነው። እገሌ ተያዘ፣ የእገሌ ቤት ተፈተሸ የሚለው ወሬ ከገበያ ወደ መስጂድ፣ ከመስጂድ ወደ ቤት ይገባ ነበር። እውነቱን ከውሸቱ ለይቶ የሚነግረን አልነበረም።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ባለቤታችን የልጁን ፍራሽ ፀሐይ ላይ ልታሰጣ ስታነሣው ከሥሩ አንድ ደብተር አገኘች። አምጥታ ሰጠችን፤ ገለጥነው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልልቁ «የቱርኮች አባላት» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ዝርዝር አለ፤ ስም ግን የለውም። «ባለ ሽጉጧ፣ ባለ ሁለት ሽጉጡ፣ ባለ ጎራዴው፣ ባለ ዱላው» እያለ ይቀጥላል። ቀጥሎ በስምንት የተከፈለች ክብ ከተማ በእርሳስ ተሥላለች፤ በየክፍሉ የኃይል ማመንጫ ምልክት ተደርጎበታል። ሌላው ገጽ ላይ «ኩባንያውን ለመጣል የተነሡት» የሚል ርእስ አለ። «አለቃው»፣ «ምስጢር»፣ «የተቃጠለችው ከተማ» የሚሉ ቃላት በየገጹ ሞልተዋል።

ክው አልን። ልጃችን ከማን ጋር ነው የዋለው? ይህን ያስያዘው ማን ነው? ባለቤታችን «ልጁ ይምጣና ይጠየቅ፤ የሕፃን ጽሑፍ አይደለም እንዴ?» አለች። እኛ ግን ፍርሃት ጆሯችንን ደፍኖት ነበር። «እስኪመጣ ድረስ ቤታችን ቢፈተሽስ?» አልናት። ደብተሩን ቅጠል በቅጠል እየቀደድን በከሰል ምድጃው ላይ አቃጠልነው። የዚያን ቀን ቡና የተፈላው በዚያ እሳት ነው።

ልጁ ከዐስር ሶላት ሲመለስ ፍራሹ ደጅ ተሰጥቶ አየ። ወደ ቤት ገብቶ እኛን አየ፤ ከዚያም ምድጃውን አየ። ሳይቃጠል የቀረውን የደብተሩን ልባስ ጥግ ከአመዱ ውስጥ አንሥቶ በኪሱ ከተተው። ቃል አልተናገረም። ሦስት ቀን ሙሉ ለጠየቅነው ብቻ እየመለሰ፣ በመስጂድም ከእኛ ርቆ በሰልፉ ጫፍ እየቆመ ሰነበተ። እኛም ጥፋተኛ መሆኑን ስላወቀ ነው ብለን ልባችንን አደነደንን።

በአራተኛው ቀን ባለቤታችን ለብቻው አስቀምጣ ጠየቀችው። «ጌም ነው» አላት። «የጌም ታሪክ ነው። ጋሼ ሊጠይቁኝ ይችሉ ነበር።»

ነገሩን ስትነግረን መጀመሪያ ሣቅን። ሣቃችን ግን ወዲያው ቀረ። ልጁን ጠርተን «እስቲ ንገረን» አልነው። መናገር የጀመረው እያመነታ ነበር፤ ኋላ ግን ፊቱ እየፈካ ሄደ። ከአንድ ዓመት በላይ አንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር ያን ያህል ሲናገር ሰምተነው አናውቅም።

የነገረን ይህ ነው። በሞባይሉ የሚጫወተው «ፋይናል ፋንታሲ 7» የሚባል፣ ስኩዌር የተባለ የጃፓን ኩባንያ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1997 ለፕሌይስቴሽን ያወጣው የቆየ ጌም ነው። እንዲህ ያለው ጌም እንደ ኳስ ወይም እንደ መኪና እሽቅድምድም አይደለም፤ ተጫዋቹ የአንድን ገፀ-ባሕርይ ሚና ይዞ እንደ ረጅም ልብ ወለድ ታሪኩን እየኖረ የሚሄድበት ነው። ታሪኩ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው። ሺንራ የሚባል የኤሌክትሪክ ኃይል ኩባንያ የምድሪቱን የሕይወት ኃይል እየመጠጠ መብራት ያደርገዋል፤ ከተማው ይደምቃል፣ ምድሪቱ ግን ትሞታለች። በስምንት የተከፈለችው ክብ ከተማ ይህ ኩባንያ የተቀመጠባት ናት። ይህን የሚቃወሙ፣ አቫላንች የሚባሉ ሸማቂዎች አሉ። ኩባንያውም ምስጢራዊ ሥራውን የሚሠሩለት «ቱርኮች» የሚባሉ ሰዎች አሉት። ስማቸው እንዲህ ይሁን እንጂ ከዑስማኒያ ቱርኮች ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። በዚህ ጌም ውስጥ ቱርኮቹ የተጫዋቹ ጠላቶች ናቸው።

ልጁ በደብተሩ ላይ ይጽፍ የነበረው ግን የዚህን ጌም ታሪክ ሳይሆን ከዚህ በፊት የሆነውን ነው። ይኸው ኩባንያ፣ ስሙ ስኩዌር ኤኒክስ ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 «ቢፎር ክራይሲስ» የተሰኘ ቅድመ-ታሪክ አወጣ። የወጣውም ለፕሌይስቴሽን ሳይሆን ዶኮሞ በተባለው የጃፓን የስልክ ድርጅት ደንበኞች እጅ ለነበሩት፣ ዛሬ አሮጌ ለምንላቸው ሞባይሎች ነው። ደንበኛው በየወሩ እየከፈለ፣ ታሪኩን በየምዕራፉ በኔትወርክ እየተቀበለ ይጫወት ነበር። በስልኩ ካሜራ ፎቶ ሲያነሣ፣ በፎቶው ላይ እንዳለው ቀለም ለጨዋታው የሚረዳ ኃይል ያገኝ ነበር። ልጁ ይህን ሲነግረን «የእኛን ገደል ከነሰማዩ ባነሣው ምን ይሰጠኝ ነበር?» አለ። እኛ የስሜንን ገደል ተወልደን ስናየው ኖረናል፤ እንዲህ ብለን ግን አስበንበት አናውቅም።

የዚህ ቅድመ-ታሪክ ዋናው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በመጀመሪያው ጌም ጠላት የነበሩት ቱርኮች እዚህ የተጫዋቹ ወገኖች ናቸው። ተጫዋቹ ራሱ ከእነርሱ አንዱ ሆኖ ታሪኩን ከስድስት ዓመት አስቀድሞ ይጀምራል። የሚጫወትባቸው ሰዎች ስም የላቸውም፤ የሚታወቁት በመሣሪያቸው ነው። «ባለ ሽጉጧ፣ ባለ ጎራዴው» የሚለው ያስደነገጠን ዝርዝር ይኸው ኖሯል።

«ታዲያ ይህን ለምን ትጽፋለህ? ለምን አትጫወተውም?» አልነው። «አይገኝም፣ ጋሼ» አለ። ጌሙ ከጃፓን ውጭ ወጥቶ አያውቅም። አገልግሎቱም እ.ኤ.አ. በ2018 ተዘግቷል። በኔትወርክ የሚሠራ ስለነበር ኔትወርኩ ሲዘጋ ጨዋታውም አብሮ ጠፋ። ልጁ በ2015 ዓ.ም ክረምት መግቢያ ለጥቂት ሳምንት ጎንደር ዘመድ ቤት ሰንብቶ ነበር። በዚያ ጊዜ፣ ኢንተርኔቱ ገና ሳይቋረጥ፣ ጌሙን የሚያውቁ ሰዎች በእንግሊዝኛ የጻፉትን እየፈለገ፣ መዝገበ ቃላት እያገላበጠ፣ ወደ አማርኛ እየመለሰ ጻፈው። የቃጠልነው ይህን ነው። እንደገና ፈልጎ እንዳይጽፈው ደግሞ ያን ጊዜ ኢንተርኔት አልነበረም።

ውድ አንባብያን፣ እኛ በልጅነታችን ቁርኣንን የቀራነው በሎህ ላይ ነው። ኡስታዛችን ሎሁ ላይ የጻፍነውን አንብበን፣ አፍዘን፣ ቆመን ካላሰማነው በስተቀር እንድናጥበው አይፈቅድልንም ነበር። ሳያሰማ ሎሁን ያጠበ ልጅ ቅጣት ነበረበት። ዛሬ እኛም ቅዳሜና እሑድ ልጆች ስናቀራ ይህንኑ ሥርዓት እናስከብራለን። ታዲያ ለሌላው ልጅ ሎህ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ የገዛ አማናችንን ደብተር አንድ ጊዜ እንኳ ሳናሰማው በእሳት አጠብነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣልን በቅድሚያ እንድናጣራ፣ ባለማወቅ ሰዎችን ጎድተን በሠራነው እንዳንጸጸት አዞናል። ይህን ሱራ በቃላችን እናውቀዋለን፤ ለሰው ደጋግመን አስተምረነዋል። የቸገረን በራሳችን ቤት ላይ መሥራቱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አስታወስን። ያ ጌም በጃፓን የወጣው በእኛ አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ነው። ያን ጊዜ እኛ ልክ የዚህ ልጅ እድሜ ነበረን። ሞባይል ወደ አገራችን ከገባ፣ ከ1991 ዓ.ም ወዲህ፣ ጥቂት ዓመታት ቢሆኑትም ለእኛ ስልክ ማለት ቴሌ ሄዶ ወረፋ ጠብቆ የሚነጋገሩበት ነገር ነበር። ከምርጫ 97 በኋላ የሞባይል የጽሑፍ መልእክት ተቋርጦ ሲቆይ ብዙዎቻችን መኖሩንም መጥፋቱንም አላወቅንም። አገልግሎቱ በ2000 ዓ.ም መግቢያ ሲመለስ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ኖኪያ ይዘን፣ «እባብ» የምትባለዋን ጨዋታ ያየነው። እባቧ ነጥብ እየበላች ትረዝማለች፤ የራሷን አካል ከነካች ትሞታለች። በዚህች ጨዋታ ኢሻ አምልጦን ያውቃል። ይህን ለልጁ ነግረነው አናውቅም ነበር። እርሱ የሚያውቀው ጢሙን አሳድጎ «ተነሥ፣ ስገድ» የሚለውን ሰው ብቻ ነው፤ የዚያን ሰው ቅድመ-ታሪክ አያውቅም።

ይህን ስንል ጨዋታ ሁሉ ደግ ነው ማለታችን አይደለም። ዑለማዎቻችን በጨዋታ ላይ ያስቀመጡት ድንበር የታወቀ ነው፦ ቁማር ያለበት፣ ከሶላት የሚያዘናጋ፣ ወደ ሐራም የሚወስድ ጨዋታ አይፈቀድም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር ሩጫ ተወዳድረዋል፤ ሐበሾች በመስጂዳቸው ውስጥ በጦር ሲጫወቱም ዓኢሻ እንድታይ ከልለው አቁመዋታል። ከልጁም ጋር ስለዚሁ ተነጋገርን። በጌሙ ታሪክ ውስጥ የሟች ነፍስ ወደ ምድሪቱ ኃይል ተመልሳ ትቀላቀላለች የሚል አለ። ይህ የእኛ እምነት እንዳልሆነ፣ እኛ በቀብር፣ በቂያማና በአኺራ እንደምናምን ልንነግረው ስንጀምር፣ «አውቃለሁ፣ ጋሼ፤ በደብተሩ ጠርዝ ላይ በቀይ ጽፌው ነበር» አለን። ያን ቀይ ጽሑፍ አላየነውም፤ እዚያ ገጽ ሳንደርስ ነው ያቃጠልነው።

በአላህና በባርያው መካከል ያለ ወንጀል በተውበት ይማራል። የሰው ሐቅ ግን ባለሐቁ ካልተወው አይቀርም። ባለሐቁ ሕፃን ቢሆንም ያው ነው። ስለዚህ ባለቤታችን ባለችበት «አፉ በለን» አልነው። ልጁ አቀርቅሮ «አፉ ብያለሁ» አለ። የታላቅ ልመና ከብዶት ያለው መሆኑ ያስታውቅ ነበር። አፉ መባል ብቻውን እንደማይበቃ፣ ያጠፋነውን መተካት እንዳለብን ያን ጊዜ ገባን። በማግሥቱ አዲስ ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተር ገዛን። «አንተ ንገረን፤ እኛ እንጽፋለን» አልነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከኢሻ በኋላ በየማታው ተቀመጥን። የደባርቅ ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ጋቢያችንን ደርበን፣ መብራት ሲጠፋ በሻማ፣ እርሱ እየነገረን በእጃችን እንጽፍ ነበር። ባለቤታችን ቆሎ ይዛ ትቀመጣለች፤ ጥቂት እንደሰማች እርሷም «ከዚያስ?» ማለት ጀመረች። ልጁ አብዛኛውን በቃሉ ይዞት ነበር። ያላስታወሰውን ባዶ መስመር እየተውን አለፍን።

አንድ ማታ ወደ ታሪኩ ልብ ደረስን። የቱርኮቹ አለቃ ቀድሞ በሰጠው ትእዛዝ ላይ ስሕተት ተፈጥሮ፣ የገዛ ቤተሰቡ የነበረባት ከተማ ተቃጥላለች። ሚስቱና ልጁ በዚያ እሳት የሞቱ መስሎት ዓመታት ኖሯል። ኋላ ሲታወቅ ግን በትጋት የሚያሳድዳት የሸማቂዎቹ መሪ ሞታለች ያላት የገዛ ልጁ ናት። ልጁ ይህን ከነገረን በኋላ ዝም አለ። ቀጥሎም «ጋሼ፣ መጀመሪያ ማን መሆኗን ቢጠይቅ ኖሮ ያሳድዳት ነበር?» አለን። ብዕሩን እንደያዝን ቀረን። ባለቤታችን ዓይኗን ወደ ምድጃው አዞረች። የምንመልሰው አልነበረንም፤ «ጻፍ ካልከን እንጽፋለን፤ ቀጥል» ብቻ አልነው።

ባዶ የተውናቸውን መስመሮች የሞላችው እናቱ ናት። ኢንተርኔት ባይኖርም ስልክ በተገኘ ጊዜ ከሪያድ ትደውል ነበር። ነገሩን ሁሉ ሳንደብቅ ነገርናት። ደብተሩን ማቃጠላችንን ስትሰማ ጥቂት ዝም አለች፤ ከዚያ «የጎደለው ምኑ ነው?» አለች። በጁምዓ ዕረፍቷ በዐረብኛ የተጻፈ ፈልጋ በስልክ ታነብልን ጀመር። እርሷ ታነባለች፤ እኛ በመድረሳ በተማርነው ዐረብኛ ወደ አማርኛ እንመልሳለን፤ ልጁ «እሱ አይደለም፣ ከዚያ በፊት ያለው» እያለ ያርመናል። ቀድሞ በስልክ ሲገናኙ «ደህና ነህ? ትማራለህ? ትሰግዳለህ?» «ደህና ነኝ፣ አዎ፣ አዎ» ብለው ነበር የሚጨርሱት። አሁን ግን ሂሳቡ እስኪያልቅ ያወራሉ። አንድ ጊዜ ንባቧን አቋርጣ፣ «ልጄ፣ እኔ እኮ ምን እንደምትወድ አላውቅም ነበር» አለችው። እርሱም «አልጠየቅሽኝማ፣ እማ» አላት። በቁጣ አልነበረም ያለው።

ስለ መግሪቡ ሶላትም ተስማማን። ከመግሪብ እስከ ኢሻ ሞባይሉ መደርደሪያ ላይ እንዲቀመጥ ስንጠይቀው ልጁ እሺ አለ፤ ግን «የእርስዎም አብሮ ይቀመጥ» አለን። እውነቱን ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ስልኮች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ለእኛ ከልጁ ይልቅ ከብዶን ሰንብቷል።

ውድ ወላጆችና አስተማሪዎች፣ ልጆቻችን በያዙት ሞባይል ውስጥ የሚጎዳቸው ነገር ሞልቶ ይሆናል። ሊጠበቁ ይገባል፤ ኃላፊነቱም በአላህ ፊት የእኛ ነው። ነገር ግን ከመንጠቃችሁ፣ ከመቆጣታችሁ፣ ከማቃጠላችሁ በፊት አስቀምጧቸውና «ይህ ምንድን ነው? እስቲ ንገረን» በሏቸው። ሐራም ከሆነ ማስረጃችሁን ይዛችሁ ትከለክላላችሁ። ካልሆነም ከልጃችሁ ጋር ለአንድ ማታ የሚበቃ ወሬ ታገኛላችሁ። ሎህ ሳይሰማ አይታጠብም።

አዲሱ ደብተር ተጽፎ አልቋል። የጃፓኑ ጌም ከስልኮቹ ጋር ቢጠፋም ታሪኩ በአማርኛ፣ ግማሹ በዐረብኛ ተነብቦ፣ በእኛ የእጅ ጽሑፍ ደባርቅ ውስጥ ተቀምጧል። ልጁ ከአመዱ ያነሣትን የአሮጌውን ልባስ ጥግ በመጨረሻው ገጽ ላይ ለጥፏታል። እንዲያነሣት አልጠየቅነውም።

አላህ (ሱ.ወ) ለአማናችን ታማኞች፣ ለልጆቻችንም ሰሚዎች ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።